ከኢየሩሳሌም የሄዱት አርባ ልጆችና የሙዚቃ መሪዎቻቸው

  ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሙዚቃ መሪዎች ነው። የኡልፓን፣ የቤትና የሥራ ጉዳይ እያለ ስለ ሙዚቃ ምን ያወራል የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩን ያነሣብን በያቭኔ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ልጃቸው የምትማርበት የሙዚቃ ክፍል ዝግጅት ሲያሳይ ተጠርተው ሄደው ነበር።

«ከፊት የቆመው ሰውዬ» አሉን፣ «ጀርባውን ሰጥቶን ቀጭን እንጨት ያወዛውዛል። አይነፋ፣ አይመታ፣ አይዘፍን። ሲያልቅ ግን ዋናው ጭብጨባ ለእርሱ ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄንስ ጡሩምባ የሚያስነፏት አዝማሪ ሊያደርጓት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚናቁ አይደሉም። በመጀመሪያው እንጀምር። በእኛ ዘንድ ቄሶቻችን ሲጸልዩ አንዱ ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በሠርግም ቢሆን አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውራጁ ራሱ እየዘፈነ ይመራል፤ ሁሉም የሚከተለው አንድ ዜማ ስለሆነ ጆሮ ይበቃል። ትልቅ ኦርኬስትራ ግን ሰማንያ ወይም መቶ ሰው ሊሆን ይችላል። ቫዮሊኑ አንድ ነገር ሲጫወት ጡሩምባው ሌላ ይጫወታል፤ ከበሮ መቺው ብዙ ምት ዝም ብሎ ቆጥሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ለፊቱ የተዘረጋው ወረቀት የራሱን ድርሻ ብቻ የያዘ ነው። የሁሉም ድርሻ በአንድ ላይ የተጻፈበት ትልቁ መጽሐፍ የሚገኘው በመሪው ፊት ነው። በቀኝ እጁ ምቱን ይሰጣል፤ በግራው «አሁን ግቡ»፣ «ዝቅ በሉ»፣ «ጨምሩ» ይላል። ዋናው ሥራው ደግሞ ሕዝብ ፊት የሚታየው አይደለም። ከዚያ በፊት በልምምድ ቀናት፣ የተሳሳተውን እያቆመና እያስደገመ የሚውልበት ነው። በዝግጅቱ ቀን የምታዩት የዚያን ድካም ፍሬ ነው።

በዕብራይስጥ መሪውን «መናጼሕ» ይሉታል። በኡልፓን የተማራችሁ እንደምታስታውሱት ይኸው ቃል «አሸናፊ» ማለትም ነው። ብዙ የዳዊት መዝሙሮችም «ላምናጼሕ» ብለው ይጀምራሉ፤ ለመዘምራኑ አለቃ ማለት ነው። ይህን ቃል ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን፤ በእኛ አቆጣጠር ስንናገር ለይተን እንገልጻለን።

በ1924 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለጉብኝት ሲጓዙ በመንገዳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ገቡ። አገሩ ያን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበር። በአሮጌው ከተማ ውስጥ በአርመኖች ሠፈር፣ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ግቢ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ የአርመን ልጆች ተጠልለው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ልጆች በ1915 የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ካደረሰው ፍጅት የተረፉ ናቸው። አባት የታረደበት፣ እናት በበረሃ መንገድ ላይ በረሃብ የሞተችበት ልጅ ምን እንደሚመስል፣ በሱዳን መንገድ በእግራቸው የመጡ ወገኖቻችን ይረዱታል። ከልጆቹ መካከል የነሐስ መሣሪያ መንፋት የተማሩ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ሰሟቸው፤ ወደዷቸውም። ከአርመኖቹ ፓትርያርክ ዘንድ ፈቃድ አግኝተው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ተስማሙ።

ለምን ፈለጓቸው? ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1923 ነበር። በዚያ ዘመን ከሌሎች መንግሥታት ጋር እኩል የቆመ አገር እንግዳ ሲመጣበት የእንግዳውን አገር መዝሙር ያሰማል፤ የራሱንም ያስከትላል። በእርግጥ በኢትዮጵያ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት ከጥንት ጀምሮ የንጉሥ ክብር መግለጫዎች ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላም የሩሲያው ንጉሥ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው የማርሽ ባንድ ተጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ በኖታ የሰለጠነ፣ የመንግሥት የሆነ ኦርኬስትራ ገና አልነበረም።

አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ የገቡት መስከረም 6 ቀን 1924 ነው። በእኛ ቢቆጠር ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ይሆናል፤ ለእንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው። አንድ የአርመን ቄስ አብሯቸው ነበር። ዕድሜያቸው በአሥራዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ አማርኛ የማያውቁ፣ እንጀራ ቀምሰው የማያውቁ ልጆች በክረምት ጭቃ አዲስ አበባ ሲደርሱ አስቡት። የከተማው ሰው «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ እስከ ዛሬም በታሪክ የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ! እኛ ያን መንገድ በተገላቢጦሽ ለመምጣት ስንት ትውልድ ጠበቅን።

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባሉ ነበር። የተወለዱት ዓይንታብ በምትባል ከተማ ነው፤ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ጋዚያንቴፕ የምትባለው ናት። ስለ ስማቸው ጥቂት እንበል። ኬቮርክ በአርመን ቋንቋ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ናልባንድ ደግሞ በቱርኮችና በፋርሶች ቋንቋ ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ባለ ሙያ ነው። ናልባንዲያን ማለት እንግዲህ የዚያ የብረት ሠሪ ዘር ማለት ነው። አባቶቻችን በጎንደር ገጠር ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ለጎረቤት ሲሠሩ፣ ሥራቸው ተፈልጎ እነርሱ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ሲገፉ የኖሩ ናቸውና ይህን ስም በግዴለሽነት አናልፈውም። አርመኖች ግን ሙያውን የቤተሰብ ስም አድርገው ተሸክመውት ይዞራሉ።

የአዲስ አበባ ሰው እንደ ልማዱ «ሙሴ ናልባንዲያን» ይላቸው ነበር። ነቢዩን ማለቱ አይደለም፤ ፈረንሳዮች «አቶ» ለማለት ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው።

ኬቮርክ የሠሩት ትልቁ ሥራ ዕድሜው ስድሳ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነ አድማጭ ሁሉ በአፉ የያዘው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር፣ «ማርሽ ተፈሪ» እየተባለም ይጠራ የነበረው፣ ዜማው የእርሳቸው ነው። ግጥሙን የጻፉት በጎጃም የደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያደጉ ጎጃሜ፣ ሌላው ከፍጅት ከተረፈ ሕዝብ የመጡ ስደተኛ። ኅዳር 2 ቀን 1930፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የዓለም መንግሥታት መልእክተኞች ባሉበት የተሰማው መዝሙር ይኸው ነው። እስከ 1974ቱ አብዮት ድረስም ባንዲራ ሲሰቀል በየትምህርት ቤቱ ተዘመረ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በቂርያት ማላኪ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነገርናቸው። በልጅነታቸው ጎንደር ተምረው ነበር። «ያንን መዝሙር? አርመን ነው የሠራው?» ብለው ዝም አሉ። ቆይተው በአፍንጫቸው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻው አንድ ቦታ አልሳቱም። ለአርባ አራት ዓመት ያህል አንድ አገር ቆሞ የዘመረውን ዜማ የሠራውን ሰው ስም የዘመረው ሕዝብ አብዛኛው አያውቀውም ነበር። ወደ አዲስ አገር የመጣ ሰው ዕጣው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሥራው ይገባል፣ ስሙ ደጅ ይቀራል። የዛሬው ዝግጅታችን ቢያንስ ስሙን ለማስገባት ነው።

አርባዎቹ ልጆች ውላቸው የጥቂት ዓመት ነበር። ሲያልቅ ከፊሎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ ከፊሎቹ እዚያው ቀርተው በየሙያቸው ተሰማሩ። ኬቮርክ ግን ቀሩ፤ ሲያስተምሩና ሲጽፉ ኖረው በ1963 አረፉ።

ቤተሰቡ በዚህ አላበቃም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን በ1915፣ በዚያው በፍጅቱ ዓመት፣ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ወደ ሶርያ ወደ ሐለብ ሸሽቶ ነበርና እዚያ አድገው ሙዚቃ ተማሩ፤ አስተማሩም። በ1938 ገደማ፣ ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘበት ጊዜ፣ ወደ አጎታቸው አገር መጡ። ከጣልያን መባረር በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መሩ፤ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ ሠሩ፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲቋቋም ለመሪዎቹ የቀረበውን የአፍሪካ መዝሙር ያዘጋጁትም እርሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የኔርሴስ ሥራ ከባዱ እዚህ ነው። የእኛ ዘፈን ባብዛኛው በአምስት ድምፆች የተሠራ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች የሚለያዩት በአምስቱ ድምፆች መካከል ባለው ርቀት ነው። የፈረንጁ ሙዚቃ ግን ባብዛኛው በሰባት ድምፅ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ድምፅ እየደራረበ ያሰማል። ማሲንቆ መቺ ዘፋኙን እንደ ጥላ ይከተለዋል፤ ያንኑ ዜማ እያስጌጠ ይሄዳል እንጂ ሌላ ዜማ አያመጣበትም። ታዲያ ሃያ ሠላሳ ተጫዋች ያለው ባንድ ሲቋቋም ለሁሉም ምን ይሰጠዋል? ሁሉም አንድ ዜማ ቢነፉ ጩኸት ይሆናል። የፈረንጁን ድርድር እንዳለ ቢጭኑበት ደግሞ ዜማው ይጠፋል። አንቺ ሆዬ በተለይ እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉበት የለመድነውን የፒያኖ ድርድር አይቀበልም፤ ይጣላዋል። ኔርሴስ ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህን በማስታረቅ ነው። ቅኝቱን ሳያበላሹ ለሳክስፎኑ አንድ፣ ለጡሩምባው ሌላ፣ ለመዘምራኑ ሌላ ድርሻ ይጽፉ ነበር። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ከየባንዱ የሰማነው፣ ዛሬ ፈረንጆች በፍቅር የሚሰበስቡት የነሐስ ድምፅ በእንዲህ ዓይነት መምህራን እጅ የተገራ ነው። በአሜሪካ በቦስተን የሚገኝ ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል የጃዝ ባንድም የእርሳቸውን ጽሑፎች አንሥቶ ተጫውቷል።

ኔርሴስ በ1977 አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ያን ጊዜ የአጎታቸው መዝሙር ከተነሣ ቆይቷል፤ ደርግ በ1975 በሌላ ተክቶት ነበር። ንብረት ሲወረስ ከአርመኖቹም ብዙዎቹ ሌላ ስደት ወጡ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ከናልባንዲያኖች ሌላም የውጭ መሪዎች ነበሩ። ፍራንዝ ዘልቬከር የሚባሉ ኦስትሪያዊ የክብር ዘበኛን ኦርኬስትራ መርተዋል። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባሉ ፖላንዳዊ ደግሞ በ1944 ከግብፅ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን ሙዚቃ አደራጅተዋል። እኚህ ሰው በካይሮ ሳሉ ቫዮሊንና ፒያኖ ካስተማሯቸው ውስጥ አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ይህች ልጅ ኋላ መነኩሴ ሆና እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተባለች። እማሆይ ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን የእስራኤል ሙዚቀኞች ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመውላቸዋል። መንገዱ እንደገና ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ።

አሁን ወደ «መናጼሕ» እንመለስ። ከኢትዮጵያውያን መካከል በትሩን ይዘው በውጭ አገር ኦርኬስትራ ፊት የቆሙት ሰው ስማቸው አሸናፊ ከበደ ነው። በዕብራይስጥ ስማቸው ሲተረጎም መናጼሕ! በ1938 ተወለዱ። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ኢስትማን በሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው፣ መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። በ1967 የሃንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። ካቀረቡት ውስጥ ስለ ዋሽንት ነፊው እረኛ የጻፉት ድርሰት ይገኝበታል። እስቲ አስቡት፤ ከብት ስንጠብቅ በሸንበቆ የምንነፋው ያ ዋሽንት፣ በሃንጋሪ ኦርኬስትራ ፊት!

ሃንጋሪ መሆኑም ደስ ይላል። ሃንጋሪዎች ኮዳይና ባርቶክ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ሙዚቀኞች ነበሯቸው፤ በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን በመቅጃ ሰብስበው በዚያ ላይ ትልቁን ሙዚቃ የሠሩ። የገበሬ ዘፈን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አገር ነው።

አሸናፊ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በአይሁድ ማኅበረሰብ በተመሠረተው በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ አስተማሩ፤ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረትም መጽሐፍ ጻፉ። በ1998 በዚያው በስደት አረፉ። በአገራቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ስለ ስደተኛና ስለ ኦርኬስትራ ከተነሣ የዚህችን አገር ሳንነካ ማለፍ አይገባም። የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የምንለው በ1936 የተቋቋመው ብሮኒስላቭ ሁበርማን በተባሉ ከፖላንድ በመጡ አይሁዳዊ የቫዮሊን ሰው ነው። በጀርመንና በሌላውም አገር አይሁድ በመሆናቸው ከየኦርኬስትራው የተባረሩ ሙዚቀኞችን እየፈለጉ ሰበሰቡ። አንድ ሙዚቀኛ ሲቀጠር የመግቢያ ፈቃድ ስለሚያገኝ፣ የቫዮሊን ፈተና ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ፈተና ነበር። በታኅሣሥ 26 ቀን 1936 በቴል አቪቭ የመጀመሪያውን ዝግጅት የመሩት ጣልያናዊው አርቱሮ ቶስካኒኒ ናቸው፤ ለሙሶሊኒ አልታዘዝም ያሉ ሰው። በዚያው ዓመት የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከስደታቸው መጀመሪያ ወደዚሁ አገር፣ በሐይፋ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ነበር የገቡት።

ስለዚህ ለያቭኔው አባት ሁለተኛ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ይህ ነው። በአገራችን ማሲንቆ መቺ በድግስ ይፈለጋል፤ ሴት ልጅ ስጡኝ ሲል ግን ዘሩ ይጠየቃል። ይህን ክፉ ልማድ እርስዎ አላመጡትም፤ ወርሰውት ነው። ልጅዎ የምትማረው ግን ኖታ ማንበብ ነው፤ ጽሕፈት እንደ መማር ያለ ነው። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ብትገፋበት አስተማሪ፣ በጦር ሠራዊቱ ባንድ ተጫዋች፣ ወይም መናጼሕ መሆን ትችላለች። ካልገፋችበትም የሚጎዳት ነገር የለም። አባትየው ጥቂት አሰቡና፣ «ጎረቤቶቹ ግን ማታ ማታ ይቆጣሉ» አሉ። ይህ እንኳ እውነተኛ ችግር ነው። በሕጉ ከማታው አምስት ሰዓት በኋላ በመኖሪያ ሠፈር ሙዚቃ ማሰማት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የዕረፍት ጊዜ ሲያልፍና ሳይመሽ ብትለማመድ ይሻላል አልናቸው።

ወደ ኢየሩሳሌም ለምትሄዱ አንድ ነገር እንጠቁማችሁ። በያፎ በር ገብታችሁ የዳዊትን ግንብ በቀኝ አድርጋችሁ ብትሄዱ የአርመኖችን ሠፈር ታገኛላችሁ። አርባዎቹ ልጆች ያደጉበት የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም በግራችሁ ነው። ከዚያ በጽዮን በር በኩል ወደ ኮቴል መውረድ ይቻላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አዲስ መጤዎች የአርኖና ቅናሽ፣ የትኛውን ወረቀት ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄድ እንደሚገባ እንነግራችኋለን።